በጀርባዋ የመጣችው ማኪና

ልጆቼ የሠርጌን ነገር ሲጠይቁኝ አባታቸው ይስቃል፤ እኔ ዝም እላለሁ። አፍሬ አይደለም። ነገሩ አጭር ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ እያስረዘመ ስላስቸገረኝ ነው። አሁን ዕድሜዬም ገፍቷል፤ እንደነበረ ላስቀምጠው።

እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ነበር። ባሌ ከወገራ መጥቶ በሰፈራችን ደብር ዜማ የሚማር ተማሪ ነበረ። ከደጃችን ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እናቴ እንጀራውን በእኔ እጅ ትልክለታለች። በዚህ ጀመረ። እያደር ድቁና ተቀበለ፤ ሽማግሌ ላከ፤ የእኔ ወገን እሺ አለ።

እሺ ያላሉት አባቱ ናቸው። አባቱ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ፣ ከማኪናው መንገድ ዳር ባለች ደብር ቄስም አስተማሪም ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ለልጃቸው ያሰቡለት የጎረቤት ደብር መሪጌታ ልጅ ነበረች። እኔን «የከተማ ልጅ ዳገት አትችልም» አሉ። ልጃቸው አልሰማ ሲላቸው አንድ ቃል ተናገሩ፦ «በዚህ ቅበላ እሑድ፣ በእኔ ደብር፣ በተክሊል ከቆረቡ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ቅበላ ካለፈች ግን ፈቃዱ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ የመሪጌታን ልጅ ያገባል።»

ከቅበላ ማግስት ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ተክሊል የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ሳይመሽ ከደብሩ መድረስ ነበረብኝ። በበቅሎ ብንሄድ ዓርብ ጠዋት ተነሥተን ያለ ሐሳብ በደረስን። ነገር ግን አጎቴ ነበረ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ ሾፌር ነው። በጣሊያን ጊዜ በከባድ ማኪና ሊማሊሞን የወረደ የወጣ ሰው ነው። ጃንሆይ ከተመለሱ ከዓመታት በኋላ አንድ ፊታውራሪ ከአሥመራ ትልቅ የአሜሪካ ማኪና አስመጡና እሱን ሾፌር አደረጉት። ማኪናዋ ጥቁር ናት፤ ረጅም ናት፤ ጭራዋ ላይ ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ ሽቅብ የወጣ ነገር አላት። ሞተሯ ሲነሣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል።

ፍሪሲዮን ግን የላትም። ፍሪሲዮን በግራ እግር የሚረገጠው፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን የሚያላቅቀው ነው። ይህች ማኪና ማርሿን ራሷ ትቀይራለች። አጎቴ ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። «እኔ በግራ እግሬ ነው እንጀራ የበላሁ» ይል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ሲፈልግ ፍሬኑን ይረግጣል፤ ፊታውራሪ ከፊታቸው ያለውን መስተዋት በግንባራቸው ይመታሉ። በኋላ እግሩን በመቀነት ከወንበሩ ጋር አስሮ መንዳት ጀመረ። ያየው ሰው «ምነው አያ፣ ቆሰሉ?» ሲለው፣ «አይ፣ ሥራ ፈቶ ነው» ይላል።

በፒያሳ ጋራዥ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ጣሊያን መካኒክ ነበር። ማኪናዋን ከሥር ገብቶ አይቶ ወጣና እጁን እየጠረገ፣ «ሞተር አንበሳ። ካምቢዮ ድመት» አለው። ካምቢዮ የሚሉት የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለጎማው የሚያደርሰውን ነው። «ዳገት ላይ ቀስ። ሰው አታብዛ። ዘይቱ ከጋለ አለቀ።»

«አንበሳ ይዤ ስለ ድመት ምን አስጨነቀኝ!» አለ አጎቴ።

የሠርጉ ነገር ሲነሣም እንዲሁ ተናገረ። «የእህቴ ልጅ በበቅሎ አትንገላታም። ቅዳሜ ምሳዋን በልታ ትነሣለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ የየኔታን ጉልበት ትስማለች።» ፊታውራሪም ማኪናዋን ፈቀዱ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ደግ ሰው ነበሩ።

ቅዳሜ ሙሽራው ከሦስት ሚዜዎቹ ጋር መጥቶ ወሰደኝ። ሁለቱ ሚዜዎች እንደ ግንድ የወፈሩ የወገራ ገበሬዎች ናቸው። ሦስተኛው፣ አንደኛው ሚዜ የምንለው፣ የሙሽራው የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ቀጭን ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። ሳጥኔ ተጫነ። እናቴ ለአማቴ የላከችው የቅቤ ቅል ተጫነ። የማሩ እንስራ ተጫነ። አባቴ የሰጠው ሙክት በግ ከውስጥ ቦታ ስላጣ ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ፣ በሁለቱ ክንፎች መካከል ታሰረ።

ልወጣ ስል እናቴ በጆሮዬ፣ «ዞረሽ እንዳታዪ» አለችኝ። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ወጥታ ዞራ ካየች ትመለሳለች ይባላል። በመንገድም አትናገርም። ሁለቱንም ልጠብቅ ለእመቤታችን ቃል ገባሁ።

ወለቃን በደህና አለፍን። ሸክላ ሻጮቹ ቆመው በጉን አዩ። ዳገቱ ሲጀምር ሚዜዎቹ ዘፈን አነሡ፤ «አያ፣ ጫን በላት! ጫን!» ይሉ ጀመር። አጎቴ ጫን አላት። ሞተሩ አገሳ። ጥቂት እንደወጣን ያረረ ነገር ሸተተኝ። ሙሽራ ስለሆንኩ ዝም አልኩ።

ኮሶዬ ሳንደርስ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ሞተሩ ከምንጊዜውም በላይ እየጮኸ ማኪናዋ ቀጥ አለች።

«ምነው ቆመች?» አለ አንደኛው ሚዜ።

«አልቆመችም። ሞተሩ ይሄዳል» አለ አጎቴ።

«እኛስ?»

«እኛ ቆመናል።»

ወረዱ። አንዱ ወፍራም ሚዜ ከሥር አጎንብሶ አየና፣ «ደም! ደም ይፈሳል!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወደ በጉ ሮጡ። በጉ ደህና ነበር።

«የካምቢዮው ዘይት ነው» አለ አጎቴ። «ቀይ ነው ተፈጥሮው። ግሎ ሞልቶ ፈሰሰ።»

«በምን እንተካው?»

«አሥመራ ነው ያለው።»

ወፍራሙ ሚዜ አሰበና፣ «ቅቤው አለ» አለ። «ጾሙ ገና ነው። ዛሬ ብትበላ ምን አለበት?»

«ማኪና ቅቤ ስትበላ የት አየህ!»

«ከሰኞ ጀምሮ እኮ አይፈቀድላትም።»

እነሱ በዚህ ሲከራከሩ አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ ከበታች መጡ። አህያይቱ ከወለቃ የተገዛ ሸክላ ተጭናለች። ሽማግሌው ማኪናዋን ዞረው አዩ፤ ሞተሩን ሰሙ፤ ዘይቱን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«ምን ሆነች?»

«ሞተሩ ጉልበተኛ ነው፤ ካምቢዮው አልቻለውም፣ አያ» አለ አንደኛው ሚዜ።

«ይህማ የታወቀ ነው። በሬው ሲበረታ ቀንበሩ ይሰበራል። ምነው ቀንበሩን ከወይራ አላደረጋችሁት?»

«የሠራው አሜሪካ ነው።»

«እዚያ ወይራ የለም?»

እስካሁንም ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ስለ ማኪና አልሰማሁም።

ፀሐይ ዘንበል ማለት ጀመረች። ሙሽራው ፀሐይዋን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። የሁለታችን ልብ አንድ ነገር ነው የሚያስበው፦ የመሪጌታዋን ልጅ። ከማኪናዋ ውስጥ ሆኜ በልቤ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር፤ የቱን እንደደገምኩ የቱን እንደተውኩ አላውቅም።

«አህያይቱ ትሸከማታ» አለ ሙሽራው። «ጌታችን በአህያ ኢየሩሳሌም ገብቶ የለም?»

«ሙሽራ ይዞ አልገባም» አለ አንደኛው ሚዜ።

«ሸክላዬስ?» አሉ ሽማግሌው።

አጎቴ ተስፋ ቆረጠ። ወደ ጎንደር ልመልሳችሁ ብሎ ገባ። ከመሪው ሥር ያለችውን መቀየሪያ ዘንግ ወደፊቱ ላይ አደረጋት፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ምንም የለም። አሁንም ወደፊት፤ ምንም። ተናደደና ወደኋላው ላይ ወረወራት። ማኪናዋ ዘልላ ተነሣች። ከኋላ ቆመው የነበሩት ሚዜዎች ወደ ቦዩ ዘለሉ፤ አህያይቱም ሸክላዋን ይዛ ሸሸች።

«ወደፊት እምቢ፣ ወደኋላ እሺ!» አለ አጎቴ። «ወደኋላው ከሌላው የተለየ ነው። እሱ አልተቃጠለም።»

«እንግዲያስ እናዙራት» አለ ሙሽራው።

«ወዴት?»

«ጭራዋን ወደ ወገራ።»

አንደኛው ሚዜ መጀመሪያ አልገባውም ነበር፤ ሲገባው ግን እልል አለ። ሽማግሌው አህያቸውን አስረው መጡ። ሁሉም ትከሻቸውን ሰጥተው፣ አጎቴ መሪውን እየጠመዘዘ፣ ያችን ረጅም ማኪና በጠባቡ መንገድ ላይ አዞሯት። ፊቷ ጎንደር፣ ጭራዋ ወገራ ሆነ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ እኔ ሙሽራ ነኝና መሬት አልረግጥም፤ ከነሸክሟ ከነእኔ ነው ያዞሯት።

አጎቴ ሊነሣ ሲል አንደኛው ሚዜ እጁን አነሣ።

«ቆይ! ሙሽራዋ ወደ ጎንደር እያየች ነው!»

እውነቱን ነው። ወንበሩ ወደፊት ነው የሚያየው፤ ፊት ደግሞ አሁን ጎንደር ነው። እንዲሁ ከሄድን እስከ ወገራ ድረስ የአባቴን ቤት እያየሁ ልሄድ ነው።

ባሌ ያኔ ለመጻሕፍት ትርጓሜ ገና ጀማሪ ነበር። ጀማሪ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይተረጉማል። እጁን ከኋላ አጣምሮ ከመንገዱ መካከል ቆመ።

«ወደኋላ ማየት ምንድር ነው? ወደ ወጡበት ቤት ማየት ነው። አንድም፣ ከጀርባ ያለውን ማየት ነው። አንድም፣ ልብ ሲመለስ ነው።»

«በየትኛው እንሂድ?» አለ ሚዜው። «በመጀመሪያው ከሄድን ፊት ለፊት ካየች ወደኋላ አየች። በሁለተኛው ከሄድን ወደ ወገራ ብትዞርም ከጀርባዋ ያለውን አየች።»

«በሦስተኛው ከሄድንስ ልቧን ማን ያያል?» አለ ሙሽራው።

«እኔ ትርጓሜ አላውቅም» አሉ ሽማግሌው። «የሎጥ ሚስት ግን ጨው ሆናለች። ይህችም ጨው ብትሆን አህያዬ ባዶ ቦታ የላትም።»

ፀሐይዋ አልጠበቀቻቸውም። እኔ ምንም ሳልል በኋላው ወንበር ላይ ተንበረከክሁ፤ ፊቴን ወደኋላው መስተዋት አዞርኩ። ጀርባዬ ለጎንደር፣ ፊቴ ለወገራ ሆነ። ክርክሩ በዚህ አለቀ። ሽማግሌው «ሸጋ ልጅ ናት» ብለው መረቁኝና ቀሩ።

ተነሣን። ከመስተዋቱ ወዲያ በጉ አለ፤ ፊት ለፊት ተያየን። እሱ ዞሮ ጎንደርን ያያል። የከለከለው የለም። መመለስ ግን አልተመለሰም።

ማኪናዋ ወደኋላ ስትሄድ የጉልበቷን ነገር ያኔ አየሁ። ዳገቱን እያጓራች ወጣችው። ችግሩ አጎቴ ነው። አንገቱን ጠምዝዞ ቢያይ የሚያየው የሚዜዎቹን ራስ፣ የእኔን ካባና በጉን ነው። ወፍራሞቹ ሚዜዎች አንዱ «ግራ!» አንዱ «ቀኝ!» ይላሉ፤ ፊታቸውን ያዞሩበት የተለያየ ስለሆነ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ማኪናዋ ወደ ገደሉ አዘነበለች። በመስተዋቱ ውስጥ መንገድ ጠፍቶ ሰማይ ብቻ ቀረ።

«ገደል!» አልኩ።

ሙሽራ ተናገረች። አጎቴ መሪውን አዞረ፤ መንገዱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ እኔ ሆንኩ የማየው። ግራና ቀኝ ለማንም የማይስማማ ስለሆነ ወደ አፋፉ ስንጠጋ «ገደል»፣ ወደ ተራራው ግድግዳ ስንጠጋ «ተራራ» እላለሁ። ሌላ ቃል አልተናገርኩም። እመቤቴ ይቅር እንድትለኝ በየመካከሉ በልቤ እለምናለሁ፦ ገደል፤ ይቅር በይኝ፤ ተራራ፤ ይቅር በይኝ። ጉልበቴ ደነዘዘ። በኋላ ባሌ «የሰሙነ ሕማማትን ስግደት ቀድመሽ ጨረስሽ» ብሎኛል።

አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ሰው እየወጣ ተመለከተን። አንዲት ሴት «ምነው ልጆቼ፣ ምን ረስታችሁ ነው?» አለችን።

ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። ገደልም ተራራም የለም፤ በሁለቱም ወገን የታጨደ ማሳ ነው። ስለዚህ «ፀሐይ» እና «ጥላ» ማለት ጀመርኩ። «ፀሐይ» ባልኩ ቁጥር ዝቅ ብላ አያታለሁ። አጎቴም «ልጄ፣ ፀሐይ የምትዪው መንገዱን ነው ወይስ ሰዓቱን?» አለኝ። ሁለቱንም ነበር።

አሁን የምጽፈውን እኔ ያየሁት በከፊል ነው፤ የቀረውን የባሌ እኅቶች ነገሩኝ።

የኔታ ከቀትር ጀምሮ ከደብሩ ደጅ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከዘመድ ጎረቤቱ ጋር ተቀምጠዋል። ፀሐይዋ የኮረብታውን ጫፍ ስትነካ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና፣ «እንግዲህ ፈቃዱ አይደለም» አሉ። ወደ ቤታቸው ሊገቡ አንድ እግራቸውን አነሡ።

በዚያን ጊዜ ከመንገዱ ማኪና ታየ። ጀርባው ታየ። ሁለት ቀይ መብራቶች፣ ሁለት ክንፎች፣ አንድ በግ፣ ከመስተዋቱ ወዲያም ካባ የለበሰች ሙሽራ።

የወገራ ሰው ማኪና ያውቃል። የሚመጣ ማኪና ፊቱ ይታያል፤ የሚሄድ ማኪና ጀርባው ይታያል።

«ሄደች!» አለ አንዱ። «ሙሽራዋ ተቀይማ ሄደች!»

«መቼ መጣች?» አሉ የኔታ።

«ሳትመጣ እንዴት ትሄዳለች! ስትመጣ የተቀበላት የለማ!»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች የባሌ ታላቅ እኅት። «ዞራ እያየችን ነው!»

ሁሉም አዩ። ዞሬ እያየኋቸው ነበር።

«ሙሽራ ዞራ ካየች ትመለሳለች! የኔታ፣ ይለምኗት!»

የኔታ የተቀየመ ሰው ከደጃቸው ሄዶባቸው አያውቅም። ለቅበላ ሁለት በሬ ጥለዋል፤ አገሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በአንድ እጃቸው መስቀል ይዘው በመንገዱ መካከል ሮጡ። ሕዝቡ ተከተላቸው።

«ልጄ! ተመለሺ! ስለ እመብርሃን ተመለሺ!»

ይህን በጆሮዬ ሰማሁ። አልገባኝም፤ እየመጣሁ ነው። ማኪናዋም መጣች። በለመኑ ቁጥር ቀረብን። ያኔ አንዳንዱ ጉልበቱን ለልመና ሲያጥፍ ሌላው ስእለቱ ሠመረ ብሎ እልል አለ።

ለአጎቴ ምን እንደምል ጠፋኝ። ገደል አይደለም፤ ተራራ አይደለም፤ ፀሐይም ገብታለች።

«የኔታ!» አልኩ።

አጎቴ ፍሬኑን ረገጠ። ማኪናዋ ከየኔታ ደረት ስንዝር ሲቀራት ቆመች። መስቀሉን ዘርግተው ነበርና መጀመሪያ የተሳለመው በጉ ነው።

የኔታ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ በመስተዋቱ አዩኝ። ተንበርክኬ ነው። እሳቸው ይህን ይቅርታ ጥየቃ አድርገው አዩት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ተመለስሽ፣ ልጄ?»

ሙሽራው የሆነውን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። «አባቴ፣ ወደኋላ ማለት አንድም…» ሲል አንደኛው ሚዜ እግሩን ረገጠው።

«ተመለስኩ፣ የኔታ» አልኩ።

እሑድ ጠዋት በተክሊል ቆረብን። የኔታ በአገሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ በገዛ አፋቸው፣ በእመብርሃን ስም ለምነው ያስመለሱኝ ምራት ነኝ፤ ስለ መሪጌታ ልጅ ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። እሷም በዳግም ትንሣኤ ሌላ ሸጋ ሰው አገባች፤ ክርስትና ተነሣስተን ኖርን።

ማኪናዋ ከዚያች ምሽት ወዲህ ወደኋላም እምቢ አለች። ጾሙን ሙሉ ከደብሩ ደጅ ቆመች፤ ተማሪዎች በጥላዋ ቅኔ ቆጠሩባት፤ ዶሮ እንቁላል ጣለችባት። አጎቴ አንገቱ እንደዞረ ቀርቶ ከእኛው ጋር ከረመ። ቅዳሴ ሲቆም ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ትከሻውን ወደ ሰሜን ያዞር ነበር። ለሆሳዕና አንገቱ ተፈታ። ከፋሲካ በኋላ ጣሊያኑ መካኒክ በመንገደኛ ጭነት ማኪና ተሳፍሮ መጥቶ ሥሯን ከፍቶ አየ።

«ድመቷ ሞታለች» አለ።

«አንበሳውስ?» አለ አጎቴ።

«አንበሳው ደህና ነው።»

የአገሩ ሰዎች በሬዎች ጠምደው እስከ አምባ ጊዮርጊስ ጎተቷት። ቀንበሩ የወይራ ነበር።

የኔታ እውነቱን የሰሙት ከዓመት በኋላ ነው፤ አንደኛው ሚዜ በክርስትና ድግስ ላይ አፉ አላርፍ ብሎት አወራው። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ነበር፤ ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። የኔታም፣ «እኔ ተመለሺ ብዬ ለመንኩ፤ መጣች። የልመናዬን መንገድ እኔ ነኝ የማዘው?» አሉ። ሕፃኑን ተቀበሉኝ።

ብዙ ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ። ካረጁ በኋላ፣ ከታች ከምንጩ ውሃ ቀድቼ ዳገቱን ወጥቼ ስመጣ፣ ከደጃፉ ተቀምጠው የእግሬን ኮቴ ይሰማሉ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር።

«ማነሽ? የምትሄጅ ነሽ የምትመጪ?»

«የምመጣ ነኝ፣ የኔታ።»

«በፊትሽ ነው በጀርባሽ?» ብለው ይስቃሉ።

እኔም እንስራዬን አውርጄ ጉልበታቸውን እስማለሁ።